ደብዳቤው ለምን ተመለሰ?

በማኅበራችን የ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር



እዚህ መድረክ ላይ የምቆመው ሁልጊዜ የገቢና የወጪ ሒሳብ ላነብላችሁ ነው። ግማሾቻችሁ መሐል ላይ እንደምታንቀላፉ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ነገር እንድናገር ታዝዣለሁ። በመጋቢት ወር ኢሜይላችን ለምን ዝም እንዳለ፣ የብድሩ ገንዘብ ለምን ከፋሲካ በኋላ እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። አንዳንዶቻችሁ ቡና ላይ በቀስታ፣ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ በቁጣ። ሁለቱም ተገቢ ነው። ኮሚቴው "የደረስሽበት አንቺ ነሽና አንቺው አስረጂያቸው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደረስኩበት ብቻ ሳይሆን፣ በጥፋቱም ውስጥ ድርሻ አለኝ። እሱንም እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ለተዘዋዋሪ ብድራችን ገንዘብ ከሚሰጡን ድርጅቶች አንዱ፣ ሁለተኛውን ዙር ከመልቀቁ በፊት በሪፖርታችን ላይ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። መጋቢት 3 ቀን በኢሜይል ላከልን፤ መልሱን በ15 ቀን ውስጥ ጠበቀ። እኛ ጋ ምንም አልደረሰም። መጋቢት 24 ቀን የድርጅቱ ባለሙያ ሊቀመንበራችን ዘንድ ደውላ፣ "እናንተ መልስ ካልሰጣችሁ ፋይሉን ለመዝጋት እንገደዳለን" አለቻት። ሊቀመንበራችን ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን አልረሳውም።

ገንዘቡ 270,000 ብር ነበር። 18 እህቶች እያንዳንዳቸው 15,000 ብር ሊወስዱበት ተራ ይዘው ነበር። ንግድ የምታውቁ ይገባችኋል፤ ቅቤ የሚገዛው በሁዳዴ ነው፣ ጾም ስለሆነ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ለፋሲካ ሰሞን ተይዞ ይሸጣል። እንቁላሉም፣ ዶሮውም፣ ሽንኩርቱም እንደዚሁ ገበያው ለጥቂት ቀን ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ብሩ ወደ ባንካችን የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። 18ቱም እህቶች ገበያውን ዳር ቆመው አዩት። ሁለቱ ደግሞ መታገሥ አልቻሉምና ከአራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ተበደሩ። የእኛ ብር እስኪመጣ የሁለት ወር ወለድ፣ እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ከፈሉ። ይህ ሁሉ የመጣው "የማከማቻ ቦታ ሞልቷል" በሚል አንድ መልእክት ነው። መልእክቱን እኛ አላየነውም፤ የደረሰው ለላኪው ነው።

አሁን ይህ ቦታ የሚባለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመካከላችሁ የምታውቁት ታገሡኝ።

ድረ ገጻችንና ኢሜይላችን በአየር ላይ የተንሳፈፉ ነገሮች አይደሉም። ሰርቨር በሚባል፣ ቀንና ሌሊት በማይጠፋ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ናቸው። ይህን ቦታ የሚያከራየው ድርጅት ሆስቲንግ ሰጪ ይባላል፤ እኛ ተከራይ ነን። የቤት ኪራይ በክፍል ብዛት እንደሚሆን የእሱ ኪራይ በጊጋባይት ነው። እኛ የተከራየነው 5 ጊጋባይት ነው፣ በሜጋባይት 5,120። በዚህች ውስጥ ድረ ገጹ ከነፎቶዎቹ፣ የአባላት መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ፣ አራት የኢሜይል ሳጥኖች፣ ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፋቸው መዝገቦችና መጠባበቂያ ቅጂዎች ሁሉም አብረው ያድራሉ። ብዙ ሰው ኢሜይሉና ድረ ገጹ የተለያየ ቤት ያላቸው ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። በእንደኛ ዓይነት ኪራይ ግን አንድ ግቢ ነው፤ አንዱ ሲንሰራፋ ሌላው ይጠብበታል።

ቤታችሁ ሮቶ ያላችሁ ነገሩን በቀላሉ ታውቁታላችሁ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ሲሞላ በውስጡ ያለችው ኳስ ትንሳፈፍና መግቢያውን ትዘጋለች። ውኃው ቧንቧው ውስጥ አለ፣ ግን አይገባም። ኢሜይልም ሲሞላ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ሮቶ ሲሞላ ባለቤቷ ታውቃለች። ኢሜይል ሲሞላ ባለቤቷ የምታየው ጸጥታ ብቻ ነው። እኛ በመጋቢት ወር "ዘንድሮ ሥራው ቀለል ብሏል፣ ደብዳቤ አልበዛም" ስንባባል ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ደስ ብሎን ቡና አፍልተናል።

የላኪው ሰርቨር በራችንን ሲያንኳኳ የእኛ ሰርቨር ከሁለት አንድ መልስ ይሰጣል። አንደኛው "ለጊዜው አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር" የሚለው ነው፤ በ4 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራት ወይም አምስት ቀን ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በዚያ መሐል ቦታ ከተገኘ ይገባል። ሁለተኛው "ሞልቷል፣ አልቀበልም" የሚለው ነው፤ በ5 ይጀምራል። እሱ ከመጣ ደብዳቤው ወዲያውኑ ወደ ላኪው ይመለሳል። የእኛ ሰርቨር የሚመልሰው ይህንን ሁለተኛውን ነበር። ላኪው ሰው ቢሆን ኖሮ ተመላሹን አይቶ ይደውልልን ነበር። የድርጅቱ ደብዳቤ ግን የተላከው ሪፖርት ከሚቀበለው የኮምፒውተር ሥርዓታቸው በራሱ ነው፤ "ለዚህ አድራሻ መልስ አትጻፉ" ከሚል ሳጥን። የተመለሰውን እዚያ የሚያነብ ሰው አልነበረም። እዚህም የሚያነብ የለም። ደብዳቤው በሁለት ባዶ ቢሮዎች መካከል ቀረ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ። ቦታው 80 በመቶ ሲሞላ፣ ከዚያ 90 ሲደርስ፣ ከዚያም 95 ላይ መልእክት ተልኳል። ሦስቱም የሄዱት ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ለለቀቀችው ጸሐፊያችን አድራሻ ነው። ውሉን ያስመዘገበችው እሷ ስለነበረች ስሟ አልተቀየረም። ያቺ ሳጥን ደግሞ እዚያው እየሞላ ባለው ቦታ ውስጥ ነበረች። እሷን አልወቅስም፤ ስትሄድ ቁልፍ፣ ማኅተምና የቼክ ደብተር በፊርማ ተረክበናታል። የኢሜይሉን አስረክቢን ያላት ሰው የለም። የርክክብ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። መጋቢት 25 ቀን ጠዋት ገብቼ ሳየው ቦታው 100 በመቶ ይላል። ደነገጥኩ። ትልቁ ነገር የትኛው ነው ብዬ ስፈልግ፣ የሒሳብ ክፍሉ የተላኩ ደብዳቤዎች ፎልደር 610 ሜጋ ይዞ አገኘሁት። ዓመታት የላክኋቸው ሪፖርቶች ናቸው። "የላክሁት ደርሷል፣ ዋናው ኮምፒውተሬ ላይ አለ" ብዬ በሙሉ መረጥኩና ሰርዝ አልኩት። እምቢ አለ። ነገሩ አስቂኝ ነው፤ ስትሰርዙ ፋይሉ መጀመሪያ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ይገለበጣል፣ ለመገልበጥ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታው ሞልቷል። ሆስቲንግ ሰጪው ዘንድ ደወልኩና በቅርጫቱ ሳያልፍ በቀጥታ የሚሰረዝበትን መንገድ አሳዩኝ። ሰረዝኩ። በዚያው ቀን ደብዳቤ መግባት ጀመረ። ለሊቀመንበራችንም "ተስተካክሏል" ብዬ በኩራት ነገርኳት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። ሐምሌ ላይ ኦዲተሩ መጥቶ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት በየትኛው ቀን ለድርጅቱ እንደተላከ ማስረጃ ጠየቀኝ። ሪፖርቱ አለኝ። የተላከበትን ቀን የሚያሳየው ግን የሰረዝኩት ኢሜይል ነበር። "ባክአፕ አለን" ብዬ ልቤ ሞቅ አለ፤ ከፍቼ ሳየው ባክአፑ የድረ ገጹ ብቻ ነው፣ አንድም ደብዳቤ የለበትም። በመጨረሻ ደጋፊዎቻችንን ለምኜ እነሱ ጋ የደረሰውን ቅጂ መልሰው ላኩልኝ። ሌላው ሰው የደብዳቤያችን መዝገብ ያዥ ሆኖልን ተገላገልኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ደረሰኝ ቀድጄ ከመጣል የማይሻል ነገር ነው የሠራሁት።

ያም ሆኖ ችግሩ አልተፈታም ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቀን ከራሴ ስልክ ወደ ማኅበሩ አድራሻ "ሙከራ" ብዬ ላክሁ። ተመለሰብኝ። እንደገና ሞልቷል! አሁን ድንጋጤው ቀርቶ እልህ ያዘኝ። በአንድ ወር ውስጥ 610 ሜጋ የሚያህል ደብዳቤ ማን ሊጽፍልን ይችላል? በዓሉን እንኳን አደረሳችሁ ያሉን ሁሉ ቢደመሩ ይህን አይሞሉም። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት፤ ወረቀት አውጥቼ እንደማንኛውም ሒሳብ ዝርዝሩን ጻፍኩ። ድረ ገጹ ከነፎቶው 560 ሜጋ። ዳታቤዙ 30። የሰርቨሩ መዝገቦች 30። አራቱ የኢሜይል ሳጥኖች በድምሩ 1,600። እነዚህን ስደምራቸው 2,220 ነው። ቦታው 5,120 ነው፣ ሙሉ ነው ይላል። 2,900 ሜጋ የት ገባ? ካዝና ቆጥሮ ጉድለት ያገኘ ሰው የሚሰማውን ተሰማኝ።

ያገኘሁት ባክአፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ በቅን ልብ፣ በወር አንድ ጊዜ የጠቅላላ ድረ ገጹን ቅጂ በራሱ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ገጥሞልናል። አንዱ ቅጂ 580 ሜጋ ነው። አሮጌውን ግን አይሰርዝም። አምስቱ ተደርድረው 2,900 ሆነዋል። እኔ በመጋቢት ያስለቀቅሁትን 610 ሜጋ፣ በሚያዝያ አንድ አዲስ ቅጂ መጥቶ ከጥቂት ደብዳቤዎች ጋር ቁጭ አለበት። ከቦታችን ከግማሽ በላይ የያዘው፣ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ሰርቨሩ ቢቃጠል ደግሞ አብሮ የሚቃጠል መጠባበቂያ ነው። የቤቱን ትርፍ ቁልፍ እዚያው ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። ኢሜይሉ ምንም ሳያጠፋ ተቀጣ፤ የእኔም የተላኩ ደብዳቤዎች በከንቱ ሄዱ።

ስለ ኢሜይሎቹም ግን ጥቂት ልበል፣ ንጹሕ አይደሉምና። የዋናው አድራሻችን ሳጥን 980 ሜጋ ነበር። በመጠን ቅደም ተከተል ሳስቀምጠው ከግማሽ በላዩን፣ 520 ሜጋውን፣ የያዙት 31 ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። ሌላው በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ክብደት የለውም። ከባዱ አባሪው ነው። ባዛር ላይ የተነሣችሁትን ፎቶ ከስልክ እንዳለ ትልኩልናላችሁ፤ አንዱ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ይሆናል። ደረሰኝም እንዲሁ ፎቶ ተነሥቶ ይመጣል፤ ተስተካክሎ ስካን ቢደረግ ከዚያ አሥር እጥፍ ባነሰ ይበቃው ነበር።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ኢሜይል ከጥንት ጀምሮ የተሠራው ለጽሑፍ ነው። ስለዚህ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ስታያይዙበት ወደ ፊደላት ተለውጦ ነው የሚጓዘው፤ በዚህ ምክንያት በሲሶ ያህል ያብጣል። 9 ሜጋ የሆነው ዓመታዊ ሪፖርታችን በኢሜይል ውስጥ 12 ሜጋ ይሆናል። እኔ ያንን ለሊቀመንበር፣ ለዋናው አድራሻ፣ ለቀድሞዋ ጸሐፊ አድራሻና ለራሴም ጭምር ስልክ፣ አራቱም ሳጥኖች አንድ ሰርቨር ላይ ናቸውና አራት ቅጂ ይቀመጣል፣ በተላኩት ውስጥ ደግሞ አምስተኛው። አንድ ሪፖርት 60 ሜጋ ወሰደ ማለት ነው። ረቂቁን አርመን አርመን በሦስት ዙር ከተላላክን ደግሞ 180። ሁላችንም በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠን! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእኛ ይሆን እንዴ አልኩ።

የቀድሞዋ ጸሐፊ ሳጥን 250 ሜጋ ነበር። ከፍተን ስናየው አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ሥር ግን የመታወቂያችሁ ቅጂ፣ ለድጋፍ ስታመለክቱ ያያዛችሁት የሐኪም ማስረጃ፣ የአንዳንዶቻችሁ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤት በሌለው ሳጥን ውስጥ፣ ማን የይለፍ ቃሉን እንደሚያውቅ ሳይታወቅ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ስለ ሜጋባይት መቁጠር አቆምኩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ይዞ መቆየት አይገባም፤ አዋጅ ባይኖርም የአንዲት እናት የሕክምና ወረቀት እንደዚያ መጣል የለበትም። ከሊቀመንበራችን ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠን ለያየነው። ጉዳያችሁ ያላለቀ የእናንተ ፋይል ውስጥ ገብቷል፤ ያለቀው ጠፍቷል። ሳጥኗም ተዘግታለች።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው ሳቀርብ ሁለት ሐሳብ መጣ። አንደኛው፣ "ለምን ሰፋ ያለ ቦታ አንገዛም?" የሚል ነው። ወደ 10 ጊጋ ለመውጣት በዓመት 4,200 ብር መጨመር ነበረብን። በሒሳብ ካያችሁት፣ ሁለቱ እህቶች ለአራጣ የከፈሉት 6,000 ብር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ብር መቆጠብ ነው የሚል ክርክር የለኝም። ግን ልብ በሉ፤ ሆስቲንግ ሰጪዎቹ ሰርቨሩን ከውጭ በዶላር ነው የሚከራዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አልፏል። ውላችን በታደሰ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ይህ ወጪ ደግሞ እኛ ጋ በአስተዳደር ወጪ ውስጥ የሚመዘገብ ነው፤ የአስተዳደር ወጪ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ መብለጥ አይችልም። ከሁሉም በላይ ግን በወር 580 ሜጋ እየተጨመረ 10 ጊጋውም ቢሆን በዘጠኝ ወር ገደማ ይሞላ ነበር። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ትልቅ እንስራ መግዛት ነው። ኮሚቴው ተስማማልኝ፤ ከጸዳ በኋላ ካልበቃን እንገዛለን።

"ያልተገደበ ቦታ" የሚሉ ማስታወቂያዎችም አይተናል። ውሉን ሳነብ ግን ጊጋውን ሳይገድቡ የፋይሉን ብዛት የሚገድቡ አሉ፤ 200,000 ወይም 250,000 ፋይል ላይ ያቆማሉ። በብዙ ሰርቨር ላይ አንድ ኢሜይል አንድ ፋይል ነው። ማስታወቂያው ስለማይነግራችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከወጣት አባሎቻችን የመጣ ነው፤ "ሁላችንም በነጻ ጂሜይል አለን፣ ማኅበሩም ለምን አይከፍትም?" አሉ። የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሲወጣ 1 ጊጋ እሰጣለሁ ሲል፣ ያኔ ሆትሜይል 2 ሜጋ፣ ያሁ 4 ሜጋ ነበር የሚሰጡት፤ ቀኑም የፈረንጆች የውሸት ቀን ስለነበር ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ዛሬ 15 ጊጋ ይሰጣል፣ ከእኛ ሦስት እጥፍ። ግን ነጻው አድራሻ የሚከፈተው በአንዲት ሴት ስልክ ቁጥር ነው። እሷ ስትለቅ ወይም ሲሙ ሲጠፋ ከማኅበሩ ጋር የጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በራሳችን ስም የተመዘገበው አድራሻ ግን ሰው ቢቀያየርም የማኅበሩ ነው። ለዚህ ነው የያዝነውን አጥብቀን እንያዝ ያልኩት።

ጂሜይልን ካነሣሁ ዘንድ፣ ይህ ለእያንዳንዳችሁ ቤት የሚሆን ነው። ያ 15 ጊጋ ለኢሜይል ብቻ አይደለም። ስልካችሁ በራሱ የሚያስቀምጣቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች አብረው ይቆጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ሰኔ ወዲህ የሚቀመጡት በሙሉ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የክርስትናና የሠርግ ቪዲዮ ይሞላውና ኢሜይሉ ይዘጋል። ከአባሎቻችን አንዷ ልጇ ዓረብ አገር ናት፤ የሥራ ውሏን ቅጂ ለእናቷ በኢሜይል ላከች፣ ተመለሰባት። እናትየው ስልኩን ይዛ ቢሮ መጣችና አብረን ስናይ ከ15 ጊጋው አንዱም ኢሜይል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ቪዲዮ ነው። የምትፈልገውን መርጠን ወደ ልጅየው ወንድም ኮምፒውተር አዛወርን፣ የቀረውን ሰረዝን፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግን። ካልተደረገ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው እስከ 60 ቀን ድረስ እየተቆጠረ ይቆያል። ውሉ በዚያው ዕለት ማታ ደረሰ።

እኛ ቢሮ አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የእጅ ገንዘብ ስቆጥር የሰርቨሩንም ቁጥር አነብባለሁ፤ በዚያው በካዝና ቆጠራ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሬለታለሁ፣ እኔና አንድ የኮሚቴ አባል እንፈርምበታለን። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ወደ ሦስት ሰዎች ስልክ ነው፣ ከእነሱ አንዱ አድራሻ ከራሳችን ሰርቨር ውጭ ነው። ሰርቨሩ ላይ የሚቀረው ባክአፕ አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሄደዋል፣ አንዱ በካዝናችን፣ አንዱ በሊቀመንበራችን ቤት። ኢሜይሎቹም አብረው ይገለበጣሉ፤ ያንን ትምህርት በውድ ገዝቼዋለሁ። የላክናቸው ሪፖርቶች ከነተላኩበት ቀን ሳይገለበጡ አይሰረዙም። ከ5 ሜጋ በላይ የሆነ ነገር በኢሜይል እንዳትልኩልን፤ የባዛር ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ራሱ ያሳንሰዋል፣ ለመጽሔትም ለግድግዳም ይበቃናል። የርክክብ ቅጹም ተቀይሯል፤ ከቁልፍና ከማኅተም ቀጥሎ የይለፍ ቃልና የውል ተጠሪ ስም የሚል ገብቶበታል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ደብዳቤያችሁ ከሥርዓታችሁ በራሱ የሚላክ ከሆነ፣ ለአስቸኳዩ ጉዳይ አንድ ስልክ ጥሪ ጨምሩልን። በመጋቢት 24 የደወለችልን ባለሙያ የማንም ትእዛዝ አልነበረባትም፤ እሷ ባትደውል ኖሮ ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

ከሁለቱ ከአራጣ የተበደሩ እህቶች አንዷ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ሰኔ ላይ ቢሮ መጥታ "ያ የሞላው ነገር የት ነው የሚታየው፣ አሳዪኝ" አለችኝ። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። አሳየኋት። ኮምፒውተር ከዚህ በፊት ነክታ አታውቅም፣ ቁጥር ግን ከእኔ ፈጥና ታነባለች። ከሐምሌ ጀምሮ የኮሚቴውን ፊርማ የምትፈርመው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ከመምጣታችን በፊት አብረን ከፍተን አይተናል፤ ከ5,120 ውስጥ የተያዘው 2,060 ነው። "ገና ግማሽም አልሞላ" አለች። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ለከበደኝ እሷ ትመልሳለች።